የጠባሳው ተራ

አስካለ ይህን ሕልም ያየችው በጠራራ ረፋድ፣ ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ የቆዳ ሕክምና ክፍል ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተራዋን ስትጠብቅ ነው። የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። ከአምስት ዓመት በፊት ግራ ጆሮዋን ለሁለተኛ ጊዜ ተበሳች። ቁስሉ ዳነ፤ ጠባሳው ግን መቆሚያውን አላወቀም። ሽምብራ አከለ። አንድ ክሊኒክ ሄዳ አስቆረጠችው፤ በዓመቱ ተመልሶ መጣና ሎሚ ሊያክል ምንም አልቀረው። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ሻሿን አውልቃ አታውቅም። የልጇ የብርሃኔ ሰርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን «ዛሬስ ያለ እሱ ነው ቤቴ የምገባው» ብላ መጣች። አጠገቧ እማማ ዘርፌ የሚባሉ አዛውንት ተቀምጠው ስለ እግራቸው ሲያወሯት፣ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት።

በሕልሟ የተጠራችው እሷ አልነበረችም።

«ጠባሳ!» ተባለ።

ጠባሳው ተነሣ፣ ኮቱን አስተካከለና ወደ ውስጥ አመራ። አስካለም ጎኑ ላይ እንደ በቀለች ተንጠልጥላ አብራው ገባች።

ኮሪደሩ ላይ ሐኪሞች ነጭ ጋዎናቸውን እንደ ለበሱ ተሰልፈዋል። ገላቸው ላይ አንድም ጠባሳ ስላልተገኘ ታመዋል ተብሎ ነበር። ጉንጫቸው ልሙጥ የሆነ አንድ ፕሮፌሰር የጽዳት ሠራተኛዋን «ትንሽ ጭረት እንኳ ብታዝዥልኝ» እያሉ ይለምናሉ።

«አባቴ፣ ይሄንንማ በልጅነትዎ መከላከል ነበር» አለቻቸው። «ዛፍ ላይ አልወጡም?»

«ቤት ውስጥ ነው ያደግኩት» አሉና አለቀሱ።

ከጠረጴዛው ኋላ ቁጭ ብለው የሚመረምሩት እማማ ዘርፌ ናቸው። አስካለን በሜትር ለኩና ጠባሳውን ጠየቁት።

«መቼ ወጣችብህ?»

«አምስት ዓመት ሆናት።»

«ታሳክክሃለች?»

«መስታወት ፊት ስትቆም።»

«ከወሰኗ አልፋለች?»

«ኧረ እማማ፣ እግር አላት! ትምህርት ቤት ድረስ ትሄዳለች።»

እማማ ዘርፌ አስካለን በአውራ ጣታቸው ጫን አሏት። «ደረቅ ናት፤ አትታጠፍም» ብለው ጻፉ።

«ይቁረጡልኝ» አለ ጠባሳው። «ሰርግ አለብኝ።»

«ሰርጉ የልጄ ነው!» አለች አስካለ እጇን አውጥታ።

«በሽታ አይናገርም፣ ልጄ» አሏት በትሕትና። ወደ ጠባሳው ዞር ብለውም «አንዴ ቆርጠናት ነበር እኮ። ቀጭን ነበረች፤ ከተቆረጠች ወዲህ ነው እንዲህ የወፈረች» አሉ።

ክፍሉ የሰርግ አዳራሽ ሆነ። ጠባሳው የክብር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዘመድ አዝማድ እየተሰለፈ «እንኳን ደስ ያለህ» ይለዋል፤ ሙሽራውም ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመው። ብርሃኔ በቬሎዋ ዙሪያዋን እየቃኘች መጣች።

«እናቴስ?»

«ሻሽ አስሬባታለሁ» አላት ጠባሳው። «ሰው እንዳያያት።»

አስካለ ከሻሹ ውስጥ «አለሁ!» ብላ ጮኸች።

«ካሉማ ይግቡ እንጂ!» አለች ነርሷ። «ሦስቴ ጠራሁዎት።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ እያዩዋት ነው። አስካለ ሻሿን አጠበቀችና ገባች።

ሐኪሙ ዶክተር ዳምጤ ደረቱን የሚሸፍን ጢም ያለው ሰው ነው። ሻሿን አስፈትቶ ጠባሳውን ለካ፣ ተጫነ፣ ያሳክካት እንደ ሆነም ጠየቀ። አስካለ የሕልሟ ነገር ስላልለቀቃት፣ ጥያቄው ለማን እንደ ሆነ እስክታውቅ ትንሽ ዘገየች።

«ይቁረጡልኝ፣ ዶክተር» አለች በመጨረሻ።

«እንዲሁ ከቆረጥነው ካለፈው ብሶ ይመለሳል። በየወሩ መርፌ እንወጋዋለን፤ ሲለዝብና ሲያንስ ያኔ እናያለን። ቢቆረጥ እንኳ መርፌው ይቀጥላል፣ ተመልሶ እንዳያድግም ጆሮዎን የሚጫን ጉትቻ ያደርጋሉ።»

«ለልጄ ሰርግ አይደርስም?»

«መቼ ነው?»

«በሦስት ሳምንት።»

«አይደርስም።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እርስዎ ቢሆኑስ ምን ያደርጉ ነበር?» አለችው።

ዶክተር ዳምጤ በሩን አየት አደረገ። ከዚያ ጢሙን በሁለት ጣቶቹ ገለጥ አድርጎ አገጩን አሳያት። ባቄላ ባቄላ የሚያካክሉ አራት ጠባሳዎች ተደርድረዋል።

«ምላጭ ነው ያወጣብኝ» አላት።

«ታዲያ ምን አደረጉበት?»

«ጢም አሳደግኩበት» አለና መርፌውን አነሣ።