ዶሎሬስ ወደ ሞንሴራቴ የወጣችበት ዜና

ዶሎሬስ የተባለችው የሃምሳ አንድ ሞዴል ሼቭሮሌት በአናስታሲዮ ኪንታና ግቢ በነገሠች በሠላሳ አንደኛው ዓመት፣ መብራት በቀን ለስምንት ሰዓት በሚጠፋበት ዘመን፣ በወርኃ የካቲት መባቻ፣ በማታንሳስ ከተማ፣ የመንግሥቷ ይዞታ እንዲህ ነበረ። አራቱ ጎማዎቿ ወልቀው በሃያ ስምንት ብሎኬት ላይ ቆማለች፤ ሞተሯ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከአልጋ ሥር ተኝቷል፤ የኋላ ወንበሯ ሳሎን ገብቶ እንግዳ ይቀመጥበታል፤ ሞተሩ በነበረበት ጎድጓዳ አንዲት ዶሮ አሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋለች። ዝገት ያልደፈረው ግዛቷ ጣራዋ ብቻ ነበረ። በጣራው የውስጥ ጨርቅ ላይ የአናስታሲዮ አባት ዘይት የቀየሩበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በእርሳስ እየጻፉ አርባ ሁለት መስመር ሞልተዋል፤ አርባ ሦስተኛው ቀን አለው፣ ኪሎ ሜትር የለውም፤ ሊሞሉት ሲሉ ሞተዋልና።

የዚህች ንግሥት ባለሟል፣ በስኳር ፋብሪካው ሚዛን ላይ ሠላሳ አራት ዓመት አገዳ የመዘነ፣ አንድ ኪሎ ያላጎደለና አንድ ኪሎ ያልጨመረ፣ መነጽረ ወፍራም፣ እርሳሰ ቀጭን፣ ስሙዕ ዝናው እስከ ወንዙ ማዶ፣ አናስታሲዮ ነበረ።

ወእምዝ የሚስቱ የኔሬይዳ ታናሽ ወንድም ሮሄሊዮ፣ ብረት ቆራጭና በያጅ፣ በጠላትነት ተነሣ። በቤቱ ደጃፍ ቆሞም ጎረቤት ሁሉ እየሰማ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «አማቼ፣ ይቺን ሬሳ ለኔ ተዋት። ጣራዋን በመጋዝ አንስቼ፣ ሮዝ ቀብቼ፣ በባሕሩ ዳር ቱሪስት አዞርባታለሁ። ጣራ ለምን ይጠቅማታል? እዚህ አገር በረዶ አይወርድ።»

ኔሬይዳም ከማድ ቤቱ መስኮት ብቅ ብላ ፍርዷን አሰማች፦ «እኔ ልብስ የማሰጣበት ቦታ ነው የቸገረኝ። በቅዱስ ዮሴፍ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት፣ በራሷ ጉልበት ሞንሴራቴ ኮረብታ ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን በር ከደረሰች ያንተ ናት፤ ሁለተኛ አላነሳትም። ካልደረሰች ሮሄሊዮ ይቁረጣት። ማንም እንዳይገፋት። አንተም አታልቅስብኝ።» ይህም አዋጅ በማድ ቤቱ በር በከሰል ተጻፈ።

አናስታሲዮም አርባ አምስት ቀን ዘመተ። ዶሮይቱን ከነእንቁላሎቿ በክብር አዛወረ፤ ሞተሩን ከአልጋ ሥር አወጣ፤ ስድስቱን ፒስተኖች በኩሽና ሚዛን መዝኖ የከበደውን በሞረድ አቀለለ፤ የፍሬኑን ቱቦ ከሞተ ፍሪጅ የመዳብ ቧንቧ አበጀ፤ የኋላውን ወንበር እንግዳ ተቀምጦበት ሳለ ማረከ። የሠራውን ሁሉ በሰዓትና በሚሊ ሜትር ጻፈ።

አንድ ነገር ግን ሳተ። በዚያች ከተማ ያለ ሰው ሁሉ ቤንዚኑን በጀሪካን ሞልቶ ከኮፈኖው ሥር ከሞተሩ ከፍ አድርጎ ያንጠለጥላል፤ ቁልቁል ስለሚፈስ ፓምፕ አያሻውም። አናስታሲዮ ይህን ውርደት ቆጠረው፤ ፋብሪካ እንደሠራት ትሁን ብሎ ቤንዚኑን ከኋላ ሻንጣው ሥር ባለው በጥንቱ ቋት ሞላ፤ ለፓምፑም የሚስቱን የዝናብ ልብስ ኪስ ቆርጦ ቤንዚን የሚስብበትን ስስ ሽፋን አደረገለት። ከሰፈሩ የዶሚኖ ጨዋታ ጠረጴዛ መሳፍንት በዕድሜ የሚበልጡት ዶን ኤቫሪስቶ ይህን አይተው፦ «ልጄ፣ ጀሪካን ስቀልና ተገላገል። ማን ኮፈኖህን ገልጦ ያይሃል?» አሉት። እርሱም፦ «እኔ አያለሁ፣ ዶን ኤቫሪስቶ» ብሎ መለሰ።

የቅዱስ ዮሴፍ ዕለትም ደረሰ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ዶሎሬስ አጓርታ ከግቢው ወጣች። ተከታዮቿም እነዚህ ነበሩ፦ አራቱ የዶሚኖ መሳፍንት ጠረጴዛቸውን ተሸክመው፤ የጸጉር ቤቱ እመቤት ጸጉሯ በግማሽ ከተጠቀለለ ደንበኛዋ ጋር፤ ከዳቦ ሰልፍ ተራቸውን አስይዘው የመጡ ሰባት ሴቶች፤ ሁለት ውሾች፤ ኔሬይዳ ራሷ፤ በመጨረሻም ሮሄሊዮ፣ መጋዙን በትከሻው፣ ጠመኔውን በጆሮው።

አቀበቱ ስድስት መቶ አርባ ሜትር ነው። ሦስት መቶ አሥሩን እንደ ንግሥት ወጣችው። ከዚያም ሳለች፤ ደግማ ሳለችና ዝም አለች። አናስታሲዮ ኮፈኖውን ገልጦ ፓምፑን ፈታ፤ የዝናብ ልብሱ ቤንዚን ሲነካው እንደ ደረቀ ቅጠል ተጨማዶ፣ ቤንዚኑን ከኋላ ወደ ላይ የሚስብ ጉልበት አልነበረውም። መልሶ ገጠመው። አምስት ሰዓት ከሠላሳ ሆነ።

ሮሄሊዮም ቀርቦ በመስኮቶቹ ቋሚዎች ላይ የመቁረጫውን መስመር በጠመኔ አሠመረ። «እህቴ፣ አሁን ልጀምር ወይስ ምሳ ይቅደም?» አለ።

ዶን ኤቫሪስቶም ከጠረጴዛቸው ቀና ሳይሉ፦ «አንተ ልጅ፣ ሰዓቱ አልሞላም። በዚያ ላይ የሰው አባት የጻፈበት ጣራ ነው። ተቀመጥ» አሉት።

«የኔም አባት ግድግዳ ላይ ጽፏል፣ ዶን። ቀለም ቀባንበት።»

አናስታሲዮ መሪውን ይዞ ቁጭ አለ። ቀና ብሎም አርባ ሦስተኛውን መስመር አየ፤ ባዶውን ቦታም አየ። መንገድ እንዳትዘጋም ፍሬኑን ለቆ ወደ ዳር ሊያስጠጋት ቢል፣ ዶሎሬስ ወደ ኋላ ተንሸራትታ ዞረችና አፍንጫዋ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ሆነ። ያን ጊዜ ቁልፉን እንዲያው በልማድ ቢያዞር ሞተሩ ተነሣ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቅዱስ ዮሴፍን ያመሰግን ነበር። አናስታሲዮ ግን ደብተሩን አወጣ። አዙሮ አፍንጫዋን ሽቅብ አደረገ፤ ጠፋች። ወደ ኋላ ለቆ ቁልቁል መለሳት፤ ተነሣች። ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስት ጊዜ አንድ ሆነ። ነገሩም ተገለጠለት፦ አፍንጫዋ ሲዘቀዝቅ የኋላው ቋት ከሞተሩ በላይ ይሆናል፤ ቤንዚኑም ያለ ፓምፕ ይፈስሳል። ስለዚህ ፍሪሲዮኑን ረግጦ የኋላውን ማርሽ አስገባ፤ አንገቱን አዙሮ፣ ቂጧን ወደ ሰማይ፣ ፊቷን ወደ ባሕር አድርጎ ሽቅብ ነዳት።

ሠራዊቱ ወደ ዳር ተበተነ። ከዚያ ቀን በፊት ለተከታዮቿ ፊቷን ሰጥታ የዘመተች ንግሥት አልታየችም፤ ሰዎቹ ከፊት መብራቶቿ ጋር ዓይን ለዓይን እየተያዩ ተከተሏት።

ሮሄሊዮም እየሮጠ አቤት አለ፦ «ይሄማ አይቆጠርም። መኪና በፊቷ ነው የምትወጣው።»

ኔሬይዳም ጫማዋን በእጇ ይዛ ሽቅብ እየሄደች፦ «በፊቷ ብዬ አላውቅም። በራሷ ጉልበት ነው ያልኩት» አለችው።

«አንቺ የማን እህት ነሽ?»

«ያንተ። ሌላ ሰው ቢሆን እስካሁን መጋዙን ቀምቼው ነበር።»

አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ሲሆን የኋላ ፓራውልቷ የቤተ ክርስቲያኑን በር ነካ። የሰበካው ቄስ የሞተ የመጣ መስሏቸው ወጡ፤ አንገቱ ወደ ቀኝ ተጣምሞ አልመለስ ያለውን አናስታሲዮንም ባረኩት። እንግዲህ ይወደስ አናስታሲዮ ኪንታና፣ መዛኔ አገዳ፣ ድል ነሺ በጀርባ፣ ጀሪካንን የናቀ፣ በቁልቁለት ጥበብ አቀበትን የገዛ፤ ትወደስ ዶሎሬስም፣ ፊተ ባሕር፣ ማኅበረ ዶሚኖ የመሰከረላት።

ሮሄሊዮ የጠመኔውን መስመር በመሐረቡ ጠረገ፤ መለኪያ ሜትሩንም ለአማቹ አበደረ። አናስታሲዮም አንገቱ እንደተጣመመ ጎንበስ ብሎ ያልተቆረጠችውን ንግሥት ለካና በደብተሩ ጻፈ፦ ከመሬት እስከ ጣራ፣ አንድ ሜትር ከስልሳ ሰባት ሴንቲ ሜትር።