ጣሪያ ያለው ታሪክ

(ዳገት የበዛባት ጥንታዊ ከተማ፤ የሆቴል ክፍል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሁሉን አውቃለሁ ባዩ «ሊቁ» የጫማውን ክር ያስራል። የእህቱ ባል «ቀስ በቀስ» ብርድ ልብስ ተከናንቦ አልጋው ላይ ተጋድሟል።)

ሊቁ፦ ይሄማ ዝናብ አይባልም!

ቀስ በቀስ፦ ታዲያ ምን ይባላል?

ሊቁ፦ ካፊያ!

ቀስ በቀስ፦ ካፊያ ነው መስኮቱን በቡጢ የሚመታው?

ሊቁ፦ ተነስ ባክህ! ለሽርሽር መጥተን ኮርኒስ ላይ አፍጠን ልንውል ነው? ዳገቱ አናት ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት እናያለን።

ቀስ በቀስ፦ ወንድሜ፣ ዝናቡ እንኳ ወደ ታች ነው የሚወርደው። እኛ ምን ቤት ነን ወደ ላይ የምንወጣው?

ሊቁ፦ ላይ ከሆንክ ጎርፍ አያገኝህማ! ሳይንስ ነው።

ቀስ በቀስ፦ እኔና ሳይንስ አንስማማም። አልሄድም።

ሊቁ፦ አንተ ሰው፣ ታሪክ ያለው ቤት ነው እኮ የምልህ!

ቀስ በቀስ፦ ምን ያለው?

ሊቁ፦ (ከቆርቆሮው በላይ እየጮኸ) ታሪክ! ታሪክ!

ቀስ በቀስ፦ ጣሪያ? እንደሱ አትለኝም! ጣሪያ ካለውማ እሄዳለሁ።

ሊቁ፦ ያውም ትልቅ!

ቀስ በቀስ፦ አያፈስም?

ሊቁ፦ ታሪክ ደግሞ መች አፍስሶ ያውቃል? ና ውጣ!

(የዳገቱ አናት። ሁለቱም በስብሰዋል። ፊት ለፊታቸው ባዶ ግድግዳ ቆሟል፤ በላዩ ሰማይ ብቻ።)

ቀስ በቀስ፦ ጣሪያውስ?

ሊቁ፦ (እያለከለከ) የምን... ጣሪያ?

ቀስ በቀስ፦ ትልቅ ነው ያልከኝ!

ሊቁ፦ ታሪክ ነው ያልኩህ፣ ታሪክ! አንተን ይዞ ሽርሽር... ቆይ፣ አንዴ ልቀመጥ።

ቀስ በቀስ፦ ደከመህ እንዴ?

ሊቁ፦ እግሬ ነው እንጂ እኔ አልደከምኩም!

(ሊቁ ድንጋይ ላይ ዘፍ ይላል። ቀስ በቀስ ራቅ ብሎ፣ ፊቱን አዙሮ ስልክ ይደውላል።)

ቀስ በቀስ፦ (በሹክሹክታ) ሄሎ፣ የኔ እመቤት... አዎ፣ ወንድምሽን አውጥቼዋለሁ። ዳገቱን ሙሉ በእግሩ! ሐኪሙ «ተራመድ» እያለው ስንት ወር እምቢ ያለውን፣ ዛሬ ከነወለዱ ተራመደው... ኧረ ሂድ ብለውማ መች ይሄዳል? እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት፤ እየጎተተኝ ወጣ።

ሊቁ፦ ማናት?

ቀስ በቀስ፦ እህትህ ናት። ነገስ ምን አሰባችሁ ትላለች። እኔ ከአልጋዬ ንቅንቅ አልልም እያልኳት ነው።

ሊቁ፦ (ከድንጋዩ ብድግ ብሎ) አታፍርም! ነገ በጠዋት ማዶ ወዳለው ግንብ እንወጣለን! የሱ ዳገት እንደውም ከዚህ ይብሳል!

ቀስ በቀስ፦ (በስልኩ) ሰማሽው?