አባ በርቺ

ከሚጎዳን ሰው ይልቅ የሚያበረታታን ሰው ይከፋል። የሚጎዳንን ቢያንስ እንረግመዋለን። የሚያበረታታን ግን ድንጋይ ተሸክመን ዳገት ስንወጣ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ «በርቺ!» ይላል፤ እኛም ትንፋሻችን እየተቆራረጠ «አመሰግናለሁ» እንላለን። እናንተም አንድ ሳታውቁ አትቀሩም። በየቤተ ዘመዱ አለ፤ በየመሥሪያ ቤቱ አለ። የሁሉም አለቃ ግን አሜሪካ፣ ኢንዲያና ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።

ክቡር ሊቀ አበረታች ፕሮፌሰር ዱዌን ሃልቨርሰን ይባላሉ። በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ከየትናንሹ ኮሌጅ ሴት ተማሪዎችን ሰብስበው የኮምፒውተር ደኅንነት ምርምር ያለማምዳሉ። የፕሮግራሙ ዓላማ ሴቶችን በሙያው ማበረታታት ነው ተብሎ ተጽፏል፤ እሳቸውም የተጻፈውን ቃል በቃል ይፈጽማሉ። «እባካችሁ አንቱታ አልወድም፣ ዱዌን በሉኝ» ይላሉ በየማለዳው። ማን ደፍሮ! የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው እኮ አንተ አይባልም።

በመጀመሪያው ቀን ደረቱ ላይ «በሩ ክፍት ነው!» የሚል ካናቴራ አደሉ። ሁሉም የወንድ ልክ ነው፤ ያውም የግዙፍ ወንድ። ሎርና ፓቼኮ ስትለብሰው ጉልበቷ ድረስ ወረደ።

«ፕሮፌሰር፣ ትንሽ ቁጥር የለም?»

«ታድጊበታለሽ! በርቺ!» አሏት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው እኮ።

«አባ በርቺ» ብላ ስም ያወጣችላቸው አብራት የምታድረው ሻንቴል ናት። ስሙ እዚያው ተለጠፈባቸው።

ሎርና ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በአንድ የገበያ ማዕከል የስልክ ሽፋን እየሸጠች ነው የተማረችው። ከነሐሴ በኋላ በፕሮፌሰሩ ቤተ ሙከራ አንድ ቦታ ይከፈታል ተብሏል፤ ደመወዝም ትምህርትም ያለው። ያን ካገኘች እዚያው ትቀራለች፤ ካላገኘች ወደ ስልክ ሽፋኗ። ሌላ የምትመኘው ነገር አልነበረም።

የያዘችው ምርምር በግቢው በሮች ቁልፍ ላይ ነው። ካርድ ሲያስጠጉት ጢጥ ብሎ የሚከፈተው ይታለላል ብላ ጠርጥራለች። ይህን ለመሞከር ቤተ ሙከራ መግባት አለባት፤ ለመግባት ደግሞ ካርድ ያስፈልጋታል። ጠየቀች። «በርቺ!» የሚል የጽሑፍ መልስ ከነአበባ ምስሉ ስልኳ ላይ መጣላት። ደግማ ጠየቀች። አሁንም «በርቺ!»፤ አበባው ብቻ ጨምሯል። ቤተ ሙከራው ውስጥ ሊሠራ የመጣው ትሬቨር የሚባል ወንድ ተማሪ ግን በመጣበት ቀን ካርድና መስኮት አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ተረክቧል። ትሬቨርን በርታ ያለው ሰው የለም። ሎርና እሱ መጥቶ እስኪከፍትላት ኮሪደሩ ላይ መሬት ቁጭ ብላ ትሠራ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ይሆን እንዴ?» አለቻት ሻንቴልን።

«ኧረ ተይኝ! እኔን ትናንት ደረጃ ስወጣ በርቺ ብለውኛል። ደረጃ!»

ክፉ ሰው ቢሆኑ እኮ ነገሩ በቀለለ። ሎርና ጥርሷን ታማ ጉንጯ ያበጠ ጊዜ በመኪናቸው ሐኪም ቤት ያደረሷት፣ ወረፋው እስኪደርስ አብረዋት የተቀመጡት፣ ማታ ራሳቸው የሠሩትን የድንች ሾርባ ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው። የክብሪት ሳጥን የምታህል ዕቃ ገጣጥማ፣ ተፈቅዶላት በእንግዶች ፊት የተቆለፈ በር የከፈተች ቀንም ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። የእውነት እንባ። ከእንግዶቹ አንዱ «እንዴት አደረግሽው?» ብሎ ሲጠይቃት ግን አፏን ሳትከፍት «እሷ ለማለት የፈለገችው…» ብለው መለሱላት፤ ግማሹን ተሳስተው።

ቦታው ለትሬቨር ተሰጠ።

ሎርና ቢሯቸው ገብታ ቆመች። «ፕሮፌሰር፣ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«ግሩም ነበር! ተናግሬያለሁ እኮ፣ አልቅሻለሁ እኮ!»

«ታዲያ ለምን ትሬቨር?»

«ትሬቨር ማበረታቻ አያስፈልገውም። የደረሰ ልጅ ነው። አንቺ ገና እየበረታሽ ነው።»

«መቼ ነው የምጨርሰው?»

«ምኑን?»

«መበርታቱን።»

አባ በርቺ ከልባቸው አዘኑ። ትከሻዋን ቸብ አደረጉና «በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አመልክቺ፣ በሩ ክፍት ነው» አሏት። ላም አለኝ በሰማይ! ሎርና ወጥታ ሻንጣዋን አዘጋጀች፤ ስታጥፍ ካናቴራውን መሬት ላይ ወረወረችው፤ መልሳ አነሳችው።

በፕሮግራሙ መዝጊያ ዕለት ሻንጣዋን እየጎተተች በኮሪደሩ ስታልፍ ፕሮፌሰሩ የራሳቸውን ቢሮ በር ሲነቀንቁ አገኘቻቸው። ካርዳቸውን ውስጥ ረስተውት በሩ ተቆልፎባቸዋል። ያን ካናቴራ ለብሰዋል፤ ልካቸው ነው።

«ሎርና! የንግግሬ ወረቀት ውስጥ ቀረ! እንግዶቹ አዳራሽ ቁጭ ብለዋል፣ የጥበቃው ስልክ አይነሳም፣ ትሬቨር ሐይቅ ዳር ነው!»

ሎርና አየቻቸው። እንዳላየች አልፋ ልትሄድ ሁለት እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ያ የድንች ሾርባ ትዝ አላት። ጨው የለውም ነበር፤ ግን ትኩስ ነበር። ሰውየውን እንደምትወዳቸው ያወቀችው በዚያች ደቂቃ ነው፤ ይህም ይበልጥ አናደዳት።

ያቺን ዕቃ ከኪሷ አውጥታ አስጠጋቻት። ጢጥ አለ። በሩ ተከፈተ።

«እሰይ! ጎበዝ!» አሉ ፕሮፌሰሩ እያጨበጨቡ። «በርቺ!»

ሎርና ሻንጣዋን አነሳች። «እሺ። ዱዌን፣ አንተም በርታ።»

ዱዌን ሊያመሰግን አፉን ከፈተ። ቃሉን ሲሰጥ እንጂ ሲቀበል ኖሮ አያውቅምና፣ በተከፈተው በር ላይ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቀረ።