የጥርስ ሐኪሙ ወደ ጎልፍ ክለብ የዘመተበት ዜና

በዘመነ ወገብ፣ ይኸውም የወገብ ሕመም በጥርስ ሐኪሙ ላይ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ አዲሱ ሶፋ ወደ ሳሎን በገባ በመንፈቁ፣ ነቃሌ አስናን፣ ማለትም ጥርስ ነቃይ፣ ደፋኔ ቀዳዳ፣ መንጋጋ የሚንቀጠቀጥለት፣ ድድ የሚገዛለት ያ ኃያል ሐኪም «የጎልፍ ክለብ አባል ልሁን ወይስ ይቅርብኝ» በሚል ነገር ከገዛ ራሱ ጋር ጦርነት ገጠመ። የጦርነቱም ዜና ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ይህ ነው።

አስቀድሞ የወገብ ሐኪሙ «ቀኑን ሙሉ በሰው አፍ ላይ ጎብጠህ ከምትውል ሜዳ ወጥተህ ተንቀሳቀስ» ብሎ አወጀበት፤ ሩጫ ለጉልበቱ፣ ዋና ለጆሮው አልስማማ ቢለው፣ በከተማው ዳር ባለው የልምምድ ሜዳ ዱላ ተከራይቶ ኳስ መምታት ጀመረ። በዚያ ሜዳ ኳስ ሁሉ ከአረንጓዴ ምንጣፍ ላይ ይመታል፤ ቢስት የሚያይ፣ ቢያገኝም የሚያጨበጭብ የለም። ወእምዝ አንድ ቀን አንዲት ኳስ ከዱላው ፊት «ጧ» ብላ ወጥታ፣ ቀጥ ብላ ከፍ ብላ፣ መውረድ የረሳች መስላ ስትንሳፈፍ ባያት ጊዜ ልቡ ተሰረቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጥርስ መንቀያውን ሲያነሣ እንኳ አያያዙ የጎልፍ ዱላ አያያዝ ሆነ፤ በወንበሩ ላይ የተጋደመው በሽተኛም ይህን አይቶ ዓይኑን ያፈጥጥ ነበር።

ነገሩም እየባሰ ሄዶ አንድ ዱላ ገዝቶ በሳሎን መካከል ቆሞ ያለ ኳስ ይወዘውዝ ነበርና፣ አንድ እሑድ ጠዋት የዱላው ጫፍ የቋሚ መብራቱን አንገት ቀልቶ ከሶፋው ላይ ጣለው። ያን ጊዜ ሚስቱ፣ እመቤተ ቤት፣ ጠባቂተ ሶፋ፣ የልብስ ስፌት አስተማሪ፣ መርፌ በጥርሷ እንደያዘች ከመኝታ ቤት ወጣች፤ መርፌውንም ከአፏ አውጥታ በኮሪደሩ አፍ ላይ ቆማ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «በዚህ ቤት ያለህ ሁሉ ስማ! ያለኸው አንተ ብቻ ብትሆንም ስማ! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሳሎን ዱላ ያነሣ ከነዱላው ይወጣል። ወይ እንደ ሰው ክለብ ግባና እዚያ ተወዛወዝ፣ ወይ ዱላህን አልጋ ሥር ከተህ እረፍ። መሃል ላይ መንጠልጠል የለም!»

አዋጁ ፍትሐዊ ነበር፤ የሐኪሙ ልብ ግን ፈራ። ይህ ሰው ፀጉሩ እስኪሸብት በሥራው ተስቆበት አያውቅም፤ በፊቱ አፉን የከፈተ ሁሉ መሳቅ አይችልምና። ክለብ ማለት ግን አፋቸው ነጻ የሆነ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ስፍራ ነው። በዚያ ከኋላው ተራ የሚጠብቁ አሉ፤ ኳሱ ከእግሩ ሥር ተንከባላ ስትቆም የሚያዩ አሉ፤ አይተውም «ይህ ደግሞ ማን ነው?» የሚባባሉ አሉ። በዚህ ዕድሜ ጀማሪ መባል፣ እርሱ ሰውን በወንበሩ ላይ አስተኝቶ «አያምም፣ አያምም» እያለ ከሚያታልልባቸው ሕመሞች ሁሉ የከፋ መሰለው።

በዚያው እሑድ ለምሳ የሚስቱ ታላቅ ወንድም መጡ። እኚህም የቀድሞ የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ በቤተ ዘመዱ አንደበት «ጋሽ ዋንጫ» የሚባሉት ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የዚያው ክለብ አባል ሆነው፣ በየእሑዱ ከሾርባ እስከ ፍራፍሬ ድረስ ድላቸውን ይተርካሉ፤ ዋንጫዎቹን በዓይኑ ያየ ግን የለም፣ «ክለቡ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ይጠበቃሉ» ይላሉና። የሐኪሙን አሳብ በሰሙ ጊዜ ሹካቸውን አስቀምጠው፣ ፊታቸው ልውጥ ብሎ፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስማኝ ወንድሜ! ያ ክለብ የልጅ መጫወቻ አይደለም። ጀማሪ ቢገባበት ሣሩ ራሱ ይስቃል። አንተ ተዋርደህ እኔን እንዳታዋርደኝ። አርፈህ ጥርስህን ንቀል!» ገበታው ሁሉ ሳቀ፤ ሐኪሙም ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ አብሮ ሳቀ።

ሳምንቱም ሳይሞላ በሐኪሙ ወንበር ላይ አንዲት ጡረተኛ ዳኛ ለመንጋጋ ጥርሳቸው ተቀመጡ። የዚያ ክለብ ነባር አባል ነበሩ። አፋቸው በጥጥና በቱቦ ተሞልቶ ሳለ፣ ሐኪሙ ቀዳዳውን እየደፈነ የልቡን ሁሉ ዘረገፈላቸው፤ መልስ የማይሰጥ ሰው ማጫወት እንዴት ደስ ይላል! ጥጡ በወጣ ጊዜ ግን ዳኛዋ ተጉመጥምጠው ተፉ፤ በማደንዘዣ ግማሹ በሞተ ከንፈራቸውም እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦ «ስማ ልጄ! ሳትሞክር መፍራትህ ማስረጃ የሌለው ክስ ነው፤ ውድቅ አድርጌዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እንግዳዬ ሆነህ ትመጣለህ፤ ትጫወታለህ፣ ታያለህ፣ ከዚያ ትወስናለህ። ይግባኝ የለም!»

ወበዕለተ ቅዳሜ ነቃሌ አስናን ዘመተ። የዘመቻውም ሠራዊት ይህ ነበር፦ በእርሱ ፈንታ መኪናውን የምትነዳ ሚስቱ፤ በኋላ ወንበር ላይ ረጃጅሞቹ በቀኝ፣ አጫጭሮቹ በግራ የተሰለፉ የውሰት ዱላዎች፤ የወገቡ ዘብ ሰፊው ቀበቶ፤ ለግራ እጅ ብቻ የተሠራ ጓንት፤ አብዛኞቻቸው ላይመለሱ የተሰናበቱ የኳሶች ጭፍራ፤ ደግሞም ሚስቱ በግድ የቀባችው የፀሐይ ቅባት፣ ከእርሱም የተነሣ ግንባሩ እንደ ተወለወለ ሳህን ያበራ ነበር። ሚስቱም ከበሩ ላይ አውርዳው «በርታ፣ መብራት ብቻ እንዳትሰብር» ብላ ተመለሰች።

በመነሻው ላይ ዳኛዋ ከጎኑ፣ ተራ የሚጠብቁ ሽማግሎችም ከኋላው ቆሙ። ሐኪሙ ዱላውን ወደ ሰማይ አንሥቶ መታ፤ አየሩ ቆሰለ፣ ኳሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ደግሞ መታ፤ የሣር ቁራጭ ተነሥቶ ከኳሷ ይልቅ ርቆ ሄደ። እንደገና ቢመታ ኳሷ እንደ ደነገጠች ጥንቸል መሬት ለመሬት ሮጣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ያን ጊዜ ሐኪሙ ጆሮውን አቁሞ ሳቁን ጠበቀ። ሳቁ ግን አልመጣም። ይልቁንም ከሽማግሎቹ አንዱ እጃቸውን ከፍ አድርገው «አይዞህ! ያንን ቁጥቋጦ እኛም ተመላልሰንበታል!» ሲሉ አወጁ፤ ሐኪሙም መንገድ ቢለቅላቸው ትከሻውን መታ መታ አድርገው አለፉ።

እንዲህም እያለ፣ ከቁጥቋጦ ወደ አሸዋ፣ ከአሸዋ ወደ ቁጥቋጦ እየተሰደደ ኳስ ሁሉ ሊሻገረው ወደሚገባው ታላቅ ኩሬ ደረሰ። በኩሬውም ዳር ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ በረጅም እንጨት ጫፍ በታሰረ መረብ ውሃውን የሚያምሱ አንድ ሰው ነበሩ። የሜዳው ሣር አጫጅ በማጨጃ መኪናው ላይ ሆኖ ሲያልፍ «እንደምን አደሩ፣ ዓሣ አጥማጁ! ዛሬስ ቀንቶዎታል?» ብሎ ጮኸ። ሰውየው ለሰላምታ ቀና ሲሉ ጋሽ ዋንጫ ነበሩ።

ሁለቱ አማቾች ተያዩ። ከመረቡ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ጋሽ ዋንጫም ግራ ቀኝ አይተው፣ በታሪክ ሁሉ ከታወጁት አዋጆች ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስማኝ፤ ግን ቀስ ብለህ ስማኝ። ዋንጫ የሚባል ነገር የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ከገባሁ ጀምሮ ይህን ውሃ የተሻገረች ኳስ የለችኝም። ባንክ ሳለሁ ስገባ ሁሉ ይነሣልኝ ነበር፤ ጡረታ ስወጣ እሑድ ምሳ ላይ የምናገረው አጣሁ። እዚህ ግን ዋንጫ የሚጠይቀኝ የለም። እንደማልችል ሁሉም ያውቃል፤ ቅዳሜ ከቀረሁ ግን ‹ምን ሆንክ?› ብለው ይደውላሉ። አንተ መጥተህ እንዳታየኝ ብዬ ነው የከለከልኩህ። አደራህን፣ ለእህቴ እንዳትነግር!»

በዚያች ሰዓት ባለጋራው በእጁ ወድቆ ነበር። በየእሑዱ የዋጠው ነገር ሁሉ ወደ አፉ መጣ፤ በነገው ምሳ ላይ የሚናገረውም ቃል በቃል ታየው፤ እውነቱን ለመናገር ጣፋጭ ነበር። ነገር ግን ዳኛዋ በወዲያ በኩል ሆነው «ተራህ ነው!» ብለው ቢያውጁ፣ ኳሱን አስቀምጦ ሳያስብ መታ። «ጧ!» አለች። ተነሣች፣ ቀጥ አለች፣ ተንሳፈፈች፤ ጋሽ ዋንጫም አፋቸውን ከፍተው ተከተሏት፤ እርሷም በክብር ሄዳ ከኩሬው መካከል ዘጭ አለች።

ጋሽ ዋንጫ መረባቸውን ዘርግተው አጠመዷት፤ በሸሚዛቸው ጠርገው በሁለት እጃቸው አቀረቡለት። ሐኪሙም ተቀብሎ፣ መጀመሪያ ከንፈሩ፣ ቀጥሎ ትከሻው ተንቀጠቀጠና የወገብ ቀበቶው እስኪላላ ድረስ ሳቀ፤ ጋሽ ዋንጫም እግራቸው ጭቃ ውስጥ እንደተተከለ እየሳቁ ተደገፉት። የቀረውን ሜዳ አብረው ተሰደዱ። ጨዋታውም ባበቃ ጊዜ ሐኪሙ ማንንም ሳያማክር ወደ ክለቡ ጽሕፈት ቤት መስኮት ሄዶ «ጀማሪ ነኝ፤ መዝግቡኝ!» ሲል አወጀ።

በማግስቱ ምሳ ላይ ሚስቱ ሾርባውን እየቀዳች «በል ተናገር! የወንድሜን ዋንጫዎች አየሃቸው?» ስትል አወጀች። የጋሽ ዋንጫ ማንኪያ በአየር ላይ ቀረ። ሐኪሙም የውሃ ብርጭቆውን ይዞ ተነሣና እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ቤተ ዘመድ ሁሉ ስሙ! በዓይኔ ያየሁትን እመሰክራለሁ። በዚያ ክለብ ጋሼን የማያውቅ የለም፤ ሣር አጫጁ እንኳ በማዕረግ ስማቸው ነው የሚጠራቸው። ውሃው ዳር ሲቆሙ የሚተካከላቸው አላየሁም፤ ሌላው ተስፋ የቆረጠበትን እርሳቸው ያወጡታል። እኔም ከአጠገባቸው ሆኜ ልማር ብዬ ትናንት ተመዝግቤአለሁ!»

ከዚህም ቃል አንድ እንኳ ሐሰት አልነበረበትም። ጋሽ ዋንጫ በሾርባው ትን አላቸው። ሚስቱ ወንድሟን ከልጅነቷ ጀምራ ታውቃቸዋለችና፣ አንድ ጊዜ እርሳቸውን፣ አንድ ጊዜ ባሏን አየች፤ የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ ለሁለቱም ሾርባ ጨመረችላቸው፤ ለባሏም ትንሽ አበዛችለት።

ከዚያ ወዲያ በተደረገው የክለቡ ውድድር አማቾቹ የመጨረሻዎቹን ሁለት ስፍራዎች ይዘው ድል ለሌሎች ለቀቁ፤ ማን ከማን እንደበለጠ ግን ይህ ጸሐፊ እንዳይጽፍ ከሁለቱም ወገን ብርቱ ትእዛዝ ደርሶታል። ስለዚህ ክብር ይሁን ለነቃሌ አስናን፣ ለደፋኔ ቀዳዳ፣ ለመዋዔ ቁጥቋጦ፣ ቁጥቋጦን ድል ለነሣው፤ በሸበተ ፀጉሩ ጀማሪ መባልን ላልናቀው፣ ኳሱ ውሃ ለገባችበት፣ ወሬ ግን ከአፉ ላልወጣው፤ የሰው ሁሉ ጥርስ በእጁ ሳለ በገዛ ጥርሱ ማንንም ላልነከሰው ኃያል!