ስለ ታማሚው የሚናገሩት ክብርት ወይዘሮ ዋፊቃ

በሐረር ብቻውን የታመመ ሰው አላየሁም። አንዱን ሲያመው ሌላው ሐኪም ፊት ይናገርለታል። በፈላና በር ሰፈራችን ይህ ሥልጣን የክብርት ወይዘሮ ዋፊቃ ነው። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ለማዕረጋቸው ስል ግን አንቱ እላቸዋለሁ።

ሐኪሙ በሽተኛውን «የት ነው የሚያምህ?» ሲለው ወይዘሮ ዋፊቃ «ወገቡን!» ይላሉ። «ከመቼ ጀምሮ?» «ከረመዳን ወዲህ። እሱ ይረሳል፤ እኔን ጠይቀኝ።» አንድ ቀን አቶ ኃይለመስቀልን ለጥርስ ሕመም ወስደዋቸው፣ ሐኪሙ «አፍዎን ይክፈቱ» ሲል ቀድመው የከፈቱት ወይዘሮዋ ናቸው።

የልጅ ልጄ ልደት ግን ትሸሻቸው ነበር። «ጉዳዬን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል» ትላለች። የወር አበባዋ ለወራት ይጠፋል፤ አገጯ ላይ ፀጉር ያበቅላል። ብቻዋን ሁለት ሐኪሞች ዘንድ ሄደች። አንዱ «ክብደት ቀንሺ» አላት፤ ሌላው «ስታገቢ ይስተካከላል።» «አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እጮኛዋ ዘላለም ሲደውል ስልኳን ገልብጣ ታስቀምጣለች። መውለድ አልችል ይሆን እያለች እንደምትጨነቅ ገባኝ። እኔን እንኳ ለመጠየቅ አልደፈረችም።

ሀናን የምትባል ጥሩ ሐኪም አለች ሲሉን፣ ወይዘሮ ዋፊቃ ሳይጠሩ ተከትለውን ሄድን። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ የተለጠፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም። በሩ ላይ ያለውን ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ።»

«እኔ አስታማሚ አይደለሁም፤ ጎረቤት ነኝ» ብለው ገቡ። እኔም ተከተልኩ።

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «እናቴ፣ ትንሽ ይታገሱኝ። ከራሷ ልስማ።»

ወይዘሮ ዋፊቃ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ። ልደት ሁሉንም ተናገረች። የደምና የአልትራሳውንድ ውጤቱን ይዘን ስንመለስ ሐኪሟ ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳቻት።

«ፒሲኦኤስ ይባላል። ሆርሞን ሲዛባ እንቁላል በየወሩ በወጉ አይለቀቅም። ብዙ ሴቶች አለባቸው። ያጠፋሽው ነገር የለም።» መድኃኒቱንም አመጋገቡንም ነገረቻት። «ጥያቄ አለሽ?»

ልደት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«እኔ አለኝ!» አሉ ወይዘሮ ዋፊቃ። «እሷ ይህን አላሰበችም። ወሬኛዋ እኔ ነኝ። ትወልዳለች ወይ?»

ሐኪሟ መልሱን ለልደት ሰጠች። «አብዛኞቹ ይወልዳሉ። አንዳንዶቹ በመድኃኒት መታገዝ ያስፈልጋቸዋል። ስትፈልጊ ነይ፤ አብረን እናየዋለን።»

ልደት አለቀሰች፤ ከሰነበተባት ሸክም እንደተገላገለ ሰው። ወይዘሮ ዋፊቃ ምንም እንዳልተናገሩ ሁሉ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ሀፍረት የማያውቁ ሲመስሉኝ የኖሩት ሴት፣ የሰው ሀፍረት ተሸክመው ኖሯል የሚዞሩት።

ወደ ፈላና በር በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ግን ያመቁት ሁሉ ፈነዳ። «አልሐምዱሊላህ! የወር አበባ መዛባት ብዙ ሴት አለበት አለች እኮ ሐኪሟ!»

«ኧረ እትዬ ዋፊቃ፣ ቀስ ይበሉ!» ልደት ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

ከኋላችን የተቀመጠች ወጣት የልደትን ትከሻ ነካ አደረገች። «እህቴ፣ ሐኪሟ የት ናት? እኔም...» አለቻት።

ልደት ቦታውን ነገረቻት። ትንሽ አሰብ አድርጋም «ብቻሽን ግን አትሂጂ፤ እትዬ ዋፊቃን ይዘሽ ሂጂ» አለቻት።

«ማክሰኞ ይመቸኛል» አሉ ክብርትነታቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።