የመምሬ በቅሎ በሦስት ጣጣ ውድድር

የሰው ምስጢር ማወቅ የፈለገ ጎረቤት አይጠይቅ፤ በቅሎ ይዋስ! ሰው ይዋሻል፣ ጎረቤት ያጋንናል፣ ወረቀት ይቀደዳል… በቅሎ ግን የለመደችው በር ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ተሳስቼ እንደሆነ አንብባችሁ ስትጨርሱ ትነግሩኛላችሁ።

ጊዜው ደርግ ነው። ያኔ ከወገዳ ወደ አርብ ገበያ ከተማ ጨውና በርበሬ አመላልስ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን በቅሎዬ ጭነቷን እንደያዘች ገደል ገባች። እሷም ሞተች፣ ጨዉም ለዝንጀሮ ተረፈ። ባለቤቴ የሺ ሦስት ቀን አኩርፋ ሰነበተችና በአራተኛው ቀን ፍርዷን ሰጠች።

«ክረምት ሳይገባ በቅሎ ካልገዛህ፣ ወንድሜ ጌታነህ ዘንድ ገብተህ ታርሳለህ!»

ጌታነህን አታውቁትም፤ ታድላችሁ። በተገናኘን ቁጥር መዳፌን ገልብጦ እያየ «ይህ እጅ ከሚዛን ሌላ ነገር ነክቶ ያውቃል?» የሚል አማች ነው። እኔ ለእሱ ላርስ? ሞፈርና ቀንበርን የምለየው እንኳ አንድ ሰው በጣቱ ሲያሳየኝ ነው!

በዚህ መሀል የወረዳችን ካድሬ፣ ጓድ ሙሉሰው፣ ከውጭ አገር ትምህርት ተመለሰ። እዚያ ሰዎች ሲዋኙ፣ ከውኃው ወጥተው ብስክሌት ሲጋልቡ፣ ከብስክሌቱ ወርደው ደግሞ ሲሮጡ አይቷል። ማን እንዳባረራቸው አልነገረንም። ብቻ «እኛም ይህንን ማድረግ አለብን!» አለ። ጋይንት ውስጥ ብስክሌት ስላልነበረ በበቅሎ ተተካ። ወንዙን በዋና መሻገር፣ አርብ ገበያ መግቢያ ድረስ በበቅሎ መጋለብ፣ ከዚያ ወርዶ እስከ ገበያው ሜዳ በእግር መሮጥ። በወረቀት ላይ «የረጅም ርቀት ሦስትዮሽ ውድድር» ተባለ። ሕዝቡ «ሦስት ጣጣ» አለው።

ተወዳዳሪው በሁለት ምድብ ተከፈለ፤ ባለሙያና ጀማሪ። ለጀማሪ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀትና ጭብጨባ። ለባለሙያ አንደኛ ግን… ደህና በቅሎ የሚገዛ ብር! ይህንን ስሰማ ጉልበቴ ላይ የነበረው ቁርጥማት በዚያው ለቀቀኝ።

ልመዘገብ ስሄድ ጓድ ሙሉሰው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ባለሙያ ማለት በዚህ ሥራ እንጀራውን የሚበላ ነው። አንተ ነጋዴ ነህ።»

«ጓድ፣ እኔ በየሳምንቱ ወንዝ እሻገራለሁ፣ ተራራውን በበቅሎ እወጣለሁ፣ ኬላ ጋ ስደርስ ደግሞ እሮጣለሁ። ሦስቱም ለእንጀራዬ ነው!»

«ኬላ ጋ ለምን ትሮጣለህ?»

«…ለጤናዬ ነው፣ ጓድ።»

ፈገግ እንዳይል ከንፈሩን ነክሶ «ባለሙያ» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ማጣሪያ መጣ። ከየቀበሌው የሚያልፈው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ከእኛ ቀበሌ ጌታነህ አንደኛ ወጣ፣ እኔ አራተኛ። (ስንት ነበራችሁ ብላችሁ አትጠይቁኝ። አራት ነበርን።) ዕድል ሲመጣ ግን እንዲህ ነው፤ ሁለተኛ የወጣው በዋናው ውድድር ዕለት ሚዜ ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛው እህሉን አውድማ ላይ አስጥቷል፣ «እኔ ስሮጥ ዝናብ ቢመጣስ?» ብሎ ቀረ። ቦታው እየተንከባለለ መጥቶ እግሬ ሥር ቆመ።

የቀረኝ በቅሎ ነው። በቅሎ ለማግኘት በቅሎ ያስፈልጋል… ታዲያ ወደ መምሬ አያሌው ሄድኩ። መምሬ እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር ድጓ የተማሩ፣ የአገሩ ሁሉ የነፍስ አባት ናቸው፤ ዳማ የምትባል፣ ስትራመድ ውኃ የማታፈስ በቅሎ አለቻቸው።

«ውሰዳት ልጄ» አሉኝ። «ብቻ አንዲት አመል አለቻት።»

«ትራገጣለች እንዴ፣ መምሬ?»

«ኧረ! ሰላምተኛ ናት።»

ሰላምተኛ! ይህ ደግሞ አመል ይባላል? ብዬ እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። እናንተ ብትሆኑ ትጠይቁ ነበር። እኔ አልጠየቅሁም።

ዕለቱ ደረሰ። ዋናውን በሰላም ተወጣሁት። ስልቻ ነፍቼ፣ አፉን አስሬ፣ ደረቴ ሥር አድርጌ ተንሳፈፍኩ፤ ደንቡ ላይ ስልቻ ክልክል ነው የሚል አልነበረም። ከውኃው ስወጣ መጀመሪያ ነበርኩ! ጌታነህ ገና መሀል ላይ ውኃ እየዋጠ ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ዳማ ላይ ፊጥ አልኩ። በረረች ነው የምላችሁ! በልቤ ብሩን ተቀብዬ፣ በቅሎውን ገዝቼ፣ የሺን አስቄ ጨርሻለሁ…

የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመች።

መታሁ፣ ለመንኩ፣ ወርጄ ጎተትኩ። ወይ ፍንክች! የቤቱ እመቤት ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች።

«መምሬ መጡ! …ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ? መምሬን የት ጥለሃቸው ነው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ዳማ አሥር ዓመት ሙሉ የነፍስ ልጆችን ቤት ስትዞር የኖረች ናት። እንድትቆም ያስለመዷትን ቤት አታልፍም። እንዴትስ ነው የምትሄደው? ጌታነህ አቧራውን ፊቴ ላይ በትኖ ሲያልፍ ሴትዮዋ አዘነችልኝ።

«ኧረ መምሬ ሲነሡ ይፍታሽ ይሉኛል፤ እሷም ያንን ሰምታ ነው የምትነቃነቀው።»

ምን ላድርግ? «እግዚአብሔር ይፍታሽ!» አልኩ። ዳማ ጆሮዋን አቁማ ሄደች።

እንዲህ ሆነ ሩጫዬ! በየቤቱ እየቆምኩ፣ ጨው ሻጩ ሰውዬ የአገሩን ኃጢአት እየፈታሁ… አራተኛው ቤት የእማሆይ ስንዱ ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ዳማን በእጃቸው ዳሰሱና ጉልበቴን ያዙ።

«መምሬ፣ እንኳን መጡልኝ! አንዲት ነገር ከብዳኛለች።»

«እማሆይ፣ እኔ እኮ…»

«ለዚያ ለጨው ነጋዴ የሸጥኩለት ቅቤ ውስጥ የተቀቀለ ድንች አለበት። ግማሹ ድንች ነው። እሱ መቼም የእጁን ነው ያገኘ፤ የሱ መስፈሪያ ጣሳ ታቹ ስንት ጊዜ ተቀጥቅጦ ወደ ውስጥ እንደገባ አውቀዋለሁ። ግን ለነፍሴ ፈራሁ።»

አስቡት እስቲ! የሺ ያንን ቅቤ ስታነጥር «ይህ ነገር ወጥ ነው ቅቤ?» ብላ የጮኸችብኝ ትዝ አለኝ። ከኋላዬ የመጨረሻው ተወዳዳሪ እየደረሰ ነው። ዳማ ቃሉን ካልሰማች አትሄድም። ጥርሴን ነክሼ «ይ…ፍታሽ!» አልኩ።

«ከልብዎ አይመስልም፣ መምሬ።»

«ከልቤ ነው! ይፍታሽ! ከነድንቹ ይፍታሽ!»

በመጨረሻ የከተማው መግቢያ ታየኝ። ከዚህ በኋላ ወርዶ መሮጥ ነው አልኩ። ዳማ ግን ዋናውን መንገድ ትታ ወደ አንድ ጓሮ ታጠፈች። ጌሾ የተተከለበት፣ ሰማያዊ በር ያለው፣ ባለ ቆርቆሮ ቤት። በሩ ተከፈተና አንዲት ወይዘሮ ብቅ አለች።

«መምሬ፣ ሁልጊዜ ሲመሻሽ አልነበር? ዛሬ ምነው በጠራራ ፀሐይ?»

ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። የጓድ ሙሉሰው ሚስት! በየስብሰባው «አድኃሪ ልማድ ከሥሩ ይነቀል!» እያለ ጉሮሮው የሚነቃው የጓድ ሙሉሰው ሚስት።

«ይፍታሽ፣ እመቤቴ» ብዬ ወጣሁ። ለባሏም ጨምሬ።

ሜዳው ላይ የደረስኩት የመጨረሻ ሆኜ ነው። ጌታነህ ደርቆ፣ ተበጥሮ፣ እየጠበቀኝ ነበር።

«በሬዎቹ ሰላም ብለውሃል!» አለኝ።

ጓድ ሙሉሰው ግን በእኔ አልጨረሰም። የመምሬን በቅሎ ወሬ ሰምቷል። ሕዝቡ ፊት ድምፅ ማጉያውን አነሳ።

«ጓድ ነጋዴ! በቅሎዋ የቄስ ናት ተብሏል። የት የት ቤት ቆመች? ዘርዝር! ጸሐፊ፣ አንድም ሳይቀር መዝግብ!»

እነዚያ እመቤቶች ሁሉ ሽልማቱን ሊያዩ ተከትለው መጥተው እዚያው ቆመዋል፤ እማሆይ ስንዱ በትራቸውን ተመርኩዘው። አንድ ስም ባወጣ ነገ ምን እንደሚመጣባቸው እናውቃለን።

«ከመጨረሻው ቤት ልጀምር፣ ጓድ?»

«ከፈለግህበት ጀምር!»

«የመጨረሻው ባለ ቆርቆሮ ነው።»

«ጻፍ! ቀጥል!»

«ጓሮው ጌሾ አለበት።»

«ጻፍ! በሩስ?»

«በሩ… ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። የወጡት ወይዘሮም…»

ድምፅ ማጉያው ጮኸና ዝም አለ።

«ጸሐፊ፣ መጻፉን ተው!»

ጓድ ሙሉሰው ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ መሬት አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። እንዲህም ብሎ ፈረደ፤ እመኑኝ፣ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

«ውድድሩ የረጅም ርቀት ውድድር ነው። ጓድ ነጋዴ በየቤቱ በመዞር ከሁሉም የበለጠ ርቀት ተጉዟል። የባለሙያ ሽልማት የእሱ ነው!»

ጌታነህ ዘሎ ወጣ። «አንደኛ የወጣሁት እኔ አይደለሁም?»

«ጓድ! አንደኛ ልውጣ ማለት የግለኝነት ስሜት ነው። ወደ ጀማሪ ምድብ ተዛውረሃል። አጨብጭቡለት!»

አጨበጨብን። እኔ መዳፌ እስኪቀላ።

በብሩ በቅሎ ልገዛ ስነሳ መምሬ አያሌው አስጠሩኝ። «አርጅቻለሁ ልጄ፣ ዳማን ራስህ ውሰዳት» አሉኝ። ዋጋውም ልክ የሽልማቱ ብር ነበር… ይህንንስ ማን እንደነገራቸው እንጃ። ወሰድኳት። ከዚያ ወዲህ ንግዴ ቤት ለቤት ሆነ። ዳማ በየበሩ ትቆማለች፣ እኔ ጨው እሰፍራለሁ። ከሁሉ ቀድማ የምትገዛኝ የሰማያዊው በር ወይዘሮ ናት፤ ዋጋ ተከራክራኝ አታውቅም።

ችግሩ አንድ ብቻ ነው። ሽያጩ ሲያልቅ ቃሉ ካልተባለ ዳማ አትነቃነቅም። አንድ ቀን እማሆይ ስንዱ ደጃፍ ላይ ጨው ሰፍሬ ስጨርስ፣ እኒያ ዓይነ ደካማ ሴት ጎንበስ ብለው የጣሳዬን ታች በአውራ ጣታቸው ዳሰሱትና ቆሙ። ዳማም ቆመች። ሦስታችንም ቆምን።

«እግዚአብሔር ይፍታኝ» አልኩ።

ዳማ ሄደች።