እርሳስ የሚጎርስ ጠመንጃ ስመርጥ

የሲያትል ዝናብ ሰውን የማያስለምደው ነገር የለም። አንዱን ቡና ያስለምደዋል፣ ሌላውን እንቅልፍ። እኔን ጠመንጃ አስለመደኝ። አትሳቁ! እኔ ዶሮ ሲታረድ ፊቴን የማዞር ሰው ነበርኩ።

ነገሩን ያመጣው ሪክ ነው። ሲያትል አጠገብ፣ ቱክዊላ አንድ መጋዘን ውስጥ አብረን ፎርክሊፍት እንነዳ ነበር። ዘመኑ በጣት የሚነካ ስልክ ገና ብርቅ የሆነበት ነው። በምሳ ሰዓት ሌላው ስልኩን ሲያሳይ፣ ሪክ ስለ አደን ያወራል። ያውም በአፉ በሚጎርስ ጠመንጃ! ባሩዱን ሰፍረህ በአፈሙዙ ታፈሳለህ። እርሳሱን ከላይ ታጎርሰዋለህ፣ በዘንግ እስከ ታች ትገፋለህ። ከኋላ ትንሽ የመዳብ ቆብ ትደፋለታለህ። ከዚያ አንድ ተኩስ ብቻ። ሳትከው? እንግዲህ እንደገና አጉርሰው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? ይሄ ጠመንጃ ግን ከአንድ በላይ አይቀበልም።

ሪክ የሚወደው ደግሞ እንደ ብይ የተድቦለቦለውን እርሳስ አይደለም። ሾጣጣውን ነው። ጨርቅም ፕላስቲክም ሳይለብስ፣ ራሱ ቀዳዳውን ሞልቶ የሚገባ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል እርሳስ።

«ኤልክን የሚጥለው እሱ ነው» አለኝ። ኤልክ ማለት አጋዘን ሆኖ በሬ የሚያህል ፍጡር ነው። «ግን ጠመንጃውን ለእርሳሱ ብለህ ምረጥ። አፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ቶሎ ቶሎ የሚዞር ይሁን። ለድብልብሉ የተሠራው ቦይ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው፤ ሾጣጣውን አያሾርልህም።»

ሰማሁ? ሰማሁ። ለአደን ፈቃድ የሚጠየቀውን ኮርስ ጨርሼ ከሪክ ጋር ጠመንጃ ሱቅ ስንገባ ግን ጆሮዬ ተደፈነ። ግድግዳው ላይ አንድ ረጅም ጠመንጃ ተሰቅሏል። የሰደፉ እንጨት እንደ ነብር የተዥጎረጎረ፣ ነሐሱ የሚያብረቀርቅ! ሪክ አጠገቡ ያለችውን አጭር ጥቁር ጠመንጃ አወረደልኝና «ቦይዋ ፈጣን ነው፣ ይህቺን ውሰድ» አለኝ። የቧንቧ ቁራጭ ነው የምትመስለው። «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ማወቅ ሌላ፣ መግዛት ሌላ። ቆንጆውን ይዤ ወጣሁ።

ቅዳሜ መተኮሻ ቦታ ሄድን። ተኮስኩ። የዒላማው ወረቀት ላይ ያለው ቀዳዳ ክብ በመሆን ፈንታ የተኛ እርሳስ ቅርጽ ይዞ ተገኘ። «በጎኑ ነው የሚበረው!» አለ ሪክ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። ቀጥሎ የተኮስኩት የእኔን ወረቀት ከነጭራሹ አልነካም። አጠገቤ የሚተኩሰው ሽማግሌ ግን ወረቀቱ መሐል ላይ አንድ ትርፍ ቀዳዳ አገኘና ሚስቱን ጠርቶ አሳያት።

በማግስቱ ቆንጆውን መልሼ ጥቁሯን አመጣሁ። ስተኩስባት ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው በአንድ ሲኒ የሚከደኑ ሆኑ። ዘለልኩ! ሪክን አቅፌ አነሳሁት፤ ሪክ ደግሞ በቀላሉ የሚነሳ ሰው አይደለም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሰላማዊት በር ላይ ጠበቀችኝ። «ጠመንጃህን ቆልፍበት፣ ኦኬ። ያልተባረከ ሥጋ ግን እዚህ ቤት አይገባም።» አለችና ፌደራል ዌይ ከተማ ለሚኖሩት አጎቷ ለጋሽ ተሾመ ኮል አደረገች። ሰባ ዓመት የተጠጉ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሰው ናቸው። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስልኩን ተቀበልኩ።

«ያመሰኳል?» አሉኝ።

«ያመሰኳል ጋሼ።»

«ሰኮናውስ? ስንጥቅ ነው?»

«ስንጥቅ ነው።»

«እንግዲያው ቢላዋዬን ይዤ እመጣለሁ። ነፍሱ ሳትወጣ እደርስበታለሁ። አንተ ብቻ እንዳትስተው!»

ሶ፣ ሦስታችን በሪክ መኪና ተራራ ወጣን። መንገዱ ሲያልቅ ፓርክ አድርገን ወደ ሸለቆው ቁልቁል ወረድን። ያካፋል። ዝናብ እንዳይገባባት ብዬ ጠመንጃዬን አፏን ወደ ታች አድርጌ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልኳት። ብልህ ነኝ ብዬ እኮ ነው።

ከዛፎቹ መሐል አንድ ኤልክ ብቅ አለ። ቀንዱ ቁጥቋጦ ተሸክሞ የሚሄድ አስመስሎታል። አነጣጠርኩ፣ ቃታውን ሳብኩ።

ፉስ!

ጭሱ ሲገለጥ ኤልኩ ቆሞ ያየኛል። ትንሽ ታዘበኝና ቀስ ብሎ ሄደ። ጋሽ ተሾመ ቢላዋቸውን መዘው መንገዱን አጋምሰው ነበር። «ተኩስ ነው ወይስ ማስነጠስ?» አሉ እያለከለኩ።

ሪክ ግን አልሳቀም። ከእርሳስ ሳጥኔ አንድ አውጥቶ አፈሙዙ ላይ አስቀመጠው። ሳይገፋው በራሱ ተንሸራቶ ገባ። «ለቀዳዳዋ ቀጭን ነው» አለ፣ ደፍቶ እያወጣው። «መተኮሻ ቦታ ወዲያው አጉርሰህ ወዲያው ስለምትተኩስ አልታወቀህም። ዛሬ አፏን ደፍተህ ስትሄድ መንገድ ላይ ወድቋል፣ ከባሩዱም አብዛኛውን ይዞ። እግዜርን አመስግን። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ አፈሙዙ ፊትህ ላይ ይፈነዳ ነበር።»

ለጋሽ ተሾመ ስተረጉምላቸው አማተቡ፤ ትከሻዬን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

አዲስ ባሩድ አፈሰስኩ፤ ሪክ ከራሱ ኪስ ትንሽ ወፈር ያለ እርሳስ ሰጠኝ። በአውራ ጣቴ ስጫነው እምቢ እሺ እያለ ገባ፤ ቦዩ ሲነክሰው በጣቴ ተሰማኝ። በዘንግ እስከ ባሩዱ ገፋሁት። ሪክ የጠመንጃዋን አፍ በፕላስተር ሸፈነልኝ። «ዝናቡን ይሄ ይከለክላል፤ ተኩሱን አይከለክልም። አሁን አፏን ወደ ላይ!»

ከሰዓት በኋላ ከሸለቆው ወለል ላይ ሌላ ኤልክ አገኘን። ተኮስኩ። አሁን ነው ተኩስ! ተራራው መልሶ ጮኸ። ኤልኩ ጥቂት ተንገዳግዶ ወደቀ። ጋሽ ተሾመን ብታዩ! ያ ሁሉ የጉልበት ሕመም የት እንደገባ እንጃ፣ ሪክን ቀድመው ደረሱ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» ሲሉ ሪክ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ እያለቀስኩ እስቃለሁ። ተቃቀፍን።

ከዚያ ሦስታችንም ቀና ብለን ዳገቱን አየን። መኪናው እዚያ ላይ ነው።

ጋሽ ተሾመ ቢላዋቸውን ጠረጉና ግንድ ላይ ተቀመጡ። «እንግዲህ ልጄ፣ የእኔ ድርሻ አለቀ» አሉ። ሪክም ወገቡን እንደሚያመው ያን ቀን፣ ያን ሰዓት ነገረኝ።

ሥጋውን ተሸክሜ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አትጠይቁኝ። ብቻ አሁን ሰው «ለሾጣጣ እርሳስ የትኛው ጠመንጃ ይሻላል?» ሲለኝ፣ ስለ ቦዩም ስለ ቀዳዳውም ሪክን ጠይቅ እለዋለሁ። የእኔ ምክር አጭር ነው። ጠመንጃ መምረጥ ይቅርብህ፤ ኤልክ ምረጥ። ከመኪናህ በላይ የቆመውን።